የ2017 መንቀጥቀጦች፦ የሬክተሩን ቁጥር ትታችሁ ስታፋውን ቁጠሩ

ሐምሌ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሩሲያዋ ካምቻትካ ጠረፍ ወጣ ብሎ ባሕር ውስጥ 8.8 የተለካ ርዕደ መሬት ደረሰ። በመሣሪያ ከተለኩት ሁሉ ከታላላቆቹ ስድስት ተርታ የሚሰለፍ ነው። በካምቻትካ ግን ቤት ተደርምሶበት የሞተ ሰው አልተመዘገበም። ከአንድ ወር በኋላ፣ ነሐሴ 25፣ እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው በምሥራቅ አፍጋኒስታን ኩናር 6.0 የተለካ መጣ። ከ2,200 በላይ ሰው አለቀ።

በጉልበት ካየነው የካምቻትካው የኩናሩን 16 ሺህ እጥፍ ገደማ ነው። መለኪያው ላይ አንድ ቁጥር በወጣን ቁጥር የሚለቀቀው ጉልበት 32 ጊዜ ያህል ይበዛል፤ ሁለት ቁጥር ስንወጣ 1,000 ጊዜ። እኛ ግን መሬት በተነቃነቀ ቁጥር የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ «በሬክተር ስንት ሆነ?» (በነገራችን ላይ የሬክተርን ስሌት ባለሙያዎቹ ለትልልቅ መንቀጥቀጦች መጠቀም ካቆሙ ቆይተዋል። ዛሬ የሚነገረው ቁጥር የተሰበረውን የአለት ስፋትና የተንሸራተተበትን ርቀት ይዞ የሚሰላ ነው። ስሙ ግን ከዜና አንባቢዎቻችን አፍ አልወጣም።) ቁጥሩ የሚናገረው መነሻው ላይ ምን ያህል ጉልበት እንደተለቀቀ ነው። እናንተ የቆማችሁበት ወለል ምን ያህል እንደተናወጠ የሚናገረው ሌላ መለኪያ፣ ከ1 እስከ 12 የሚሄደው የመርካሊ ነው። አንድ ርዕደ መሬት ሬክተሩ አንድ ነው፤ መርካሊው ግን እንደየሰፈሩ ይለያያል። ሬክተሩን እኛ አንቀይረውም፤ ኮለን ውስጥ ዋናውን ፌሮ ዙሪያውን የሚያስረውን ቀጭን ብረት፣ ስታፋውን፣ ግን መቁጠር እንችላለን።

የካምቻትካው መነሻ ከዋናው ከተማ ከፔትሮፓቭሎቭስክ ወደ 120 ኪ.ሜ. ርቆ ነበር። ሰዓቱ ረፋድ፣ ሕንፃዎቹም ለዚሁ የተሠሩ። ሱናሚው ሴቬሮ ኩሪልስክ የምትባለውን የደሴት ከተማ ወደብ አጥለቀለቀ፤ ነዋሪው ግን ከፍታ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 በዚያው አካባቢ የተነሣ ሱናሚ ከተማዋን ጠርጎ ወስዶ ከ2 ሺህ በላይ ሰው ስለገደለ መልሰው የሠሯት ኮረብታ ላይ ነው። የኩናሩ ደግሞ ጥልቀቱ 8 ኪ.ሜ. ብቻ፣ ልክ ከመንደሮቹ ሥር። ሰው ተኝቷል። ቤቱ ከድንጋይና ከጭቃ፣ ጣሪያው አፈር የተደለደለበት እንጨት።

ጣሪያው ላይ ትንሽ እንቆይ። 4 በ5 ሜትር የሆነ አንድ ክፍል 20 ካሬ ነው። 20 ሳንቲም ውፍረት ያለው አፈር ከተደለደለበት ክብደቱ ከ6 ቶን ያልፋል። ያንኑ ክፍል በቆርቆሮ ብትከድኑት ቆርቆሮው ብቻውን 100 ኪሎ አይሞላም። መሬት ወደ ጎን ሲወዘውዝ ግድግዳው የሚሸከመው ኃይል ከላዩ ባለው ክብደት ልክ ነው። በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ገጽ ሆኖ ይገነባል፤ የውስጥና የውጭ፣ መሐሉ በጠጠርና በአፈር የተሞላ። ሲናወጥ ሁለቱ ገጾች ይለያዩና ወደ ውጭ ያብጣሉ፤ ከዚያ 6 ቶኑ ይወርዳል። አቧራው መተንፈሻ ስለሚደፍን ፍርስራሹ ውስጥ ክፍተት ያገኘ ሰው እንኳ ዕድሉ ጠባብ ነው።

የእኛ የጭቃ ቤት እዚህ ላይ የማይሰጠውን ምስጋና ይገባዋል። ቋሚውና ማገሩ እርስ በርስ ታስሮ፣ ጭቃው ተመርጎበት፣ ከላይ ቆርቆሮ የተከደነ ቤት በመንቀጥቀጥ ይንቋቋል፣ ምርጊቱ ይረግፋል፣ ያዘማል፤ ነገር ግን ነዋሪው ላይ ቶሎ አይከመርም። ደካማ ጎኑ ከመሬት ሥር ያለው የቋሚው እግር ነው፤ ምስጥ በልቶት ከሆነ ቤቱ የቆመው በልስኑ ነው ማለት ነው። በቢላ ጫፍ ወጋ አድርጉት፤ 2 ሳንቲም ያህል ያለ ችግር ከገባ ቋሚው ይቀየር። የትግራዩ ህድሞ ግን በድንጋይ ግድግዳውና በአፈር ጣሪያው ከኩናሩ ቤት ጋር የሚመደብ ነው። እንዲህ ያለ ቤት የሚሠራ ሰው ሁለት ነገር ቢያደርግ ብዙ ይተርፋል፤ በየሜትሩ ገደማ ከውስጥ እስከ ውጭ ገጽ የሚደርስ ረጅም ድንጋይ ማግባት፣ ከበርና ከመስኮት በላይ ደግሞ ቤቱን እንደ መቀነት ዙሪያውን የሚይዝ፣ ማዕዘኖቹ ላይ የተቸነከረ እንጨት ማስገባት።

ዓመቱ በእርግጥ የተለየ ነበር ወይ? በቁጥር ከሄድን አልነበረም። በረጅም ዘመን አማካይ በዓለም ላይ በዓመት 15 ያህል ከ7 እስከ 7.9፣ አንድ ደግሞ 8 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ይደርሳል። 2017 ከዚህ ብዙም አልራቀም። የተለየ ያስመሰለው የደረሰበት ቦታና ዜናው እኛ ቤት መግባቱ ነው። ታኅሣሥ 8 ቫኑዋቱ 7.3፤ ልክ በገና ዕለት፣ ታኅሣሥ 29፣ ቲቤት ዲንግሪ አውራጃ 7.1፣ 126 ሰው የሞተበት። ጥር መጨረሻና የካቲት ላይ የግሪኳ ሳንቶሪኒ በትንንሽ ንቅናቄ ስትታመስ ከ10 ሺህ በላይ ሰው ደሴቷን ለቅቆ ወጣ። መጋቢት 19 ምያንማር 7.7። በመሐሉ የራሳችን ፈንታሌ።

የፈንታሌና የዶፈን እሳተ ገሞራዎች ነገር ከሌሎቹ ጠባዩ ይለያል። መስከረም 26 አዲስ አበባ ላይ የተሰማው 4.9 ብዙ ሰው መጀመሪያ ያስታወሰው ነው። ከዚያ ጋብ ብሎ በታኅሣሥ በረታ፤ ታኅሣሥ 26 እንደ መለኪያው ተቋም 5.7 ወይም 5.8፣ የካቲት 7 ደግሞ 6.0። የተለመደው ርዕደ መሬት አንድ ትልቅ ምት ይመታና ከኋላው ያሉት እያነሱ ይሄዳሉ። በፈንታሌ ግን ቅልጥ አለት ከሥር ወደ ጎን ሰርጎ፣ ዓለቱን እንደ ሽብልቅ እየፈለቀ ሲጓዝ በሄደበት ሁሉ ያንቀጠቅጣል፤ ስለዚህ ትልቁ መጀመሪያ፣ መሐል ወይም መጨረሻ ላይ ሊመጣ ይችላል። በመስከረም 1998 በአፋር ዳባሁ የሆነው ይኸው ነበር፤ 60 ኪ.ሜ. ርዝመት ያለው ስንጥቅ ውስጥ ቅልጥ አለት ገብቶ መሬቱን አንዳንድ ቦታ 8 ሜትር ድረስ አስፍቶታል። በዚህኛውም በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ መንገድና ቤት ተሰነጠቀ፣ ከዶፈን ሥር እንፋሎትና ጭቃ ተተፋ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቦታው ተነሣ። አጠገቡ 500 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዘው የከሰም ግድብ ስላለ ሥጋቱ ከቤት አልፎ ነበር።

አዲስ አበባ ላይ ግን አንድ የሚያስገርም ነገር ታየ፤ 9ኛ ፎቅ ያለው ሰው መብራቱ ሲወዛወዝ፣ ወንበሩ ሲሄድበት ደንግጦ ሲወርድ፣ ግራውንድ ያለው ጎረቤቱ «ምን ሆናችሁ?» ይል ነበር። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ከፈንታሌ እስከ አዲስ አበባ ከ130 እስከ 150 ኪ.ሜ. ነው። ቶሎ ቶሎ የሚርገበገበው አጭሩ ሞገድ በመንገድ ላይ ይሟሟል፤ በዝግታ የሚወዛወዘው ዘገምተኛው ይደርሳል። አንድ ሕንፃ ደግሞ ወዲያና ወዲህ ብሎ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ በግምት የወለሉ ቁጥር ሲካፈል ለ10 ነው፤ 4 ፎቅ 0.4 ሴኮንድ፣ 12 ፎቅ 1.2 ሴኮንድ። የሞገዱ ምት ከሕንፃው ምት ጋር ሲገጥም ልክ ዥዋዥዌ ላይ ያለን ልጅ በሰዓቱ እንደመግፋት ነው። ይህም እንዳለ ሆኖ መወዛወዝ ለብቻው የጉዳት ምልክት አይደለም።

ርቀቱን ራሳችሁ መገመት ትችላላችሁ። መጀመሪያ አንድ ትንሽ ንዝረት ይመጣል፣ ጥቂት ቆይቶ ወዝዋዡ። በመሐላቸው ያለውን ሴኮንድ ቁጠሩና በ8 አባዙት፤ ኪሎ ሜትሩ ይመጣል። ከፈንታሌ ከሆነ አዲስ አበባ ላይ ከ16 እስከ 19 ሴኮንድ ልዩነት ይኖረዋል። ሁለት ሴኮንድ ብቻ ከሆነ ግን ሩቅ አይደለም፤ መቁጠሩን ትታችሁ ጠረጴዛ ሥር ግቡ።

ይኸው ዘገምተኛ ሞገድ ነው መጋቢት 19 ከምያንማር ተነሥቶ 1,000 ኪ.ሜ. ተጉዞ ባንኮክ የደረሰው። ባንኮክ የተሠራችው ከ10 ሜትር በላይ ውፍረት ባለው ለስላሳ ሸክላ ላይ ነው፤ እንዲህ ያለ አፈር ዘገምተኛውን ሞገድ አጉልቶ ያሳልፋል። በግንባታ ላይ የነበረ ከ30 ፎቅ በላይ የሆነ የመንግሥት ሕንፃ በሴኮንዶች ውስጥ ክምር ሆነ፤ ከ80 በላይ ሠራተኞች ሞቱ። በከተማዋ ያሉት ሌሎች ረጃጅም ሕንፃዎች ግን ጣሪያ ላይ ያለው መዋኛ ገንዳ ውኃ እስኪያፈሱ ተወዛውዘው ቆሙ። አንዱ ብቻ ከወደቀ ጥያቄው ከመሬቱ ወደ ሥራው ይዞራል። እ.ኤ.አ. በ1985 በሜክሲኮ ሲቲም ታይቷል፤ መነሻው ከ350 ኪ.ሜ. በላይ ርቆ ሳለ በጥንቱ ሐይቅ ደለል ላይ የነበሩ ከ6 እስከ 15 ፎቅ ያሉ ሕንፃዎች ተመርጠው ወደቁ። ቦሌና አቃቂ አካባቢ ዋልካው ወፍራም በሆነበት ቦታ የሚገነባ ሰው የአፈር ምርመራውን ለፈቃድ ማሟያ ብቻ ካሠራው ገንዘቡን ጥሏል።

ምያንማር ውስጥ ደግሞ የሳጋይንግ ስንጥቅ ከ400 ኪ.ሜ. በላይ ርዝመት ተቀዶ ማንዳላይን፣ ሳጋይንግንና ኔፒዶን አጠገባቸው መታ። ከ3,600 በላይ ሰው ሞተ፤ ቀኑ የረመዳን ዓርብ ስለነበር በመቶዎች የሚቆጠሩት መስጊድ ውስጥ ነበሩ። በማንዳላይ ስካይ ቪላ የተባለው የመኖሪያ ሕንፃ የታችኛዎቹ ወለሎች ተጨፍልቀው የላይኛዎቹ ከነመስኮታቸው ቁጭ ብለው ታዩ። ይህን ምስል ያየ የእኛ አገር ሰው ሊያውቀው የሚገባው ነገር አለ፤ ሥሩ ሱቅ ሆኖ ፊቱ ክፍት፣ ከላይ ግን በብሎኬት የተሞላ ፎቅ ሲናወጥ እንዲሁ ነው የሚሆነው። ላዩ እንደ ሣጥን ይጠነክራል፣ መተጣጠፉ ሁሉ በሱቁ ኮለኖች ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ ኮለኑ። ሳይት ላይ ካሳ ፎርማው (አርማታው የሚፈስበት ቅርጽ) ሳይታሰር በፊት 10 ደቂቃ ካላችሁ የምታዩት ይህን ነው።

ዋናውን ፌሮ ሁሉም ያያል፤ ወፍራም ስለሆነ ባለቤቱም ይጠይቃል። ስታፋውን የሚቆጥር ግን የለም። የማገዶ እስር አስቡ፤ ጭራሮው ቢበዛ ገመዱ ከላላ ራስ ላይ ሲጫን ወደ ጎን ይበተናል። ኮለንም ሲናወጥ መጀመሪያ የውጭው አርማታ ይረግፋል፣ ከዚያ በኋላ ውስጡን ጨብጦ የሚይዘው ስታፋ ብቻ ነው። የሚሰበረው ደግሞ በአብዛኛው መሐል ወገቡ ላይ ሳይሆን ራሱና እግሩ ላይ ነው። በብዙ ሳይት የሚታየው ልማድ ግን ከታች እስከ ላይ በ20 ሳንቲም መደርደር ነው። ሥራ ላይ ያለው የሕንፃ ኮዳችን፣ በአውሮፓው ላይ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. የ2015ቱ ኢኤስ ኢኤን 1998፣ መካከለኛ የመለጠጥ (ሳይሰበሩ የመታጠፍ) ደረጃ ለሚጠበቅባቸው ሕንፃዎች እንዲህ ይላል፦ ከላይም ከታችም ቢያንስ 45 ሳንቲም ርዝመት ላይ ስታፋው ይቅረብ። ለ30 በ30 ኮለን፣ ፌሮው የ16 ከሆነ፣ በስታፋዎቹ መሐል ያለው ርቀት 12 ሳንቲም ገደማ ይመጣል። በነገራችን ላይ ይህ ኮድ የሚሰላበት ርዕደ መሬት በ475 ዓመት አንዴ የሚጠበቀው ነው፤ የቀድሞው እ.ኤ.አ. የ1995ቱ በ100 ዓመት አንዴ በሚጠበቀው ነበር። በአሮጌው ኮድ የተሠራ ፎቅ ያለው ሰው ይህን ልዩነት ቢያውቅ አይከፋም።

ቁመቱ 2.60 በሆነ ኮለን በልማዱ 13 ስታፋ ይገባል። በኮዱ ሲሠራ ከታች 5፣ ከላይ 5፣ መሐል 7፣ ቢሙ ኮለኑን በሚያቋርጥበት መገጣጠሚያ ውስጥ ደግሞ 3፤ በድምሩ 20። የ8 ፌሮ አንዱ ስታፋ 1.15 ሜትር ገደማ ይፈጃል፣ ክብደቱ ከግማሽ ኪሎ በታች። ልዩነቱ ለአንድ ኮለን 3 ኪሎ ብረት ነው። መገጣጠሚያው ውስጥ ያሉት 3ቱ ሁልጊዜ የሚረሱት ናቸው፤ የቢሙ ፌሮ ከተዘረጋ በኋላ ማስገባት እጅ ስለሚልጥ ፌራዮው (ብረት አሳሪው) ይዘላቸዋል። ቢሙ ከመታሰሩ በፊት ኮለኑ ላይ ቀድመው ይንጠልጠሉ።

ቀጥሎ የስታፋው ጫፍ። 90 ዲግሪ ብቻ ታጥፎ ከሆነ፣ ማለትም ጫፉ በኮለኑ ገጽ ላይ የተኛ ከሆነ፣ የውጭው አርማታ በረገፈ ቅጽበት እንደ ልቅ ቀበቶ ይከፈታል። ጫፉ 135 ዲግሪ ታጥፎ ወደ ኮለኑ ልብ መግባት አለበት፤ ከማጠፊያው በኋላ ቢያንስ የፌሮውን ውፍረት 10 እጥፍ፣ ለ8 ፌሮ 8 ሳንቲም። ፌራዮው «ቆልምሜዋለሁ» ቢላችሁ ጣታችሁን አስገቡና ጫፉ ወዴት እንደሚያይ ዳስሱ። ሁሉም ጫፎች በአንድ ማዕዘን ላይ አይሰለፉ፤ እየተዟዟሩ ይሂዱ።

አርማታው ላይ የሚበላሸው ውኃው ነው። ለአንድ 50 ኪሎ ሲሚንቶ 25 ሊትር ውኃ ጥሩ ልክ ነው፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ከዚያም ይቀነሳል። አቡኪው እንዲቀለው አንድ ባልዲ፣ 10 ሊትር፣ ጨመር ሲያደርግ ሲሶ ያህሉን ጥንካሬ ይዞ ይሄዳል። ማንም አያየውም፤ እንዲያውም ቶሎ ስለሚፈስ ፊቱ ያምራል። በጣም ደርቆ ቫይብሬተር ካልገባለትም በተቃራኒው የኮለኑ እግር እንደ ንብ ቀፎ ተቦርቡሮ ይወጣል። ያንን በሲሚንቶ ልስን ሸፍኖ ማለፍ ትልቁ ኃጢአት ነው፤ ቦታው ርዕደ መሬቱ የሚመታው ቦታ ነውና። ካሳ ፎርማው ሲፈታ እዚያው ተገኙ፣ ከልስን በፊት።

ትምህርት ቤት ለሚሠሩ አንድ ነገር ልጨምር። ብሎኬቱ እስከ ወገብ ደርሶ ከላይ ሙሉ መስኮት ሲሆን፣ ግድግዳው የኮለኑን ግማሽ አንቆ ይይዘዋል። ነፃ የቀረው አጭሩ ክፍል ሙሉውን ጉልበት ተቀብሎ በሰያፍ ይቀደዳል። በግድግዳውና በኮለኑ መሐል ሁለት ሦስት ሳንቲም ክፍተት ትቶ በፎም መሙላት ይበቃል፤ ግድግዳው ግን ወደ ፊት እንዳይወድቅ በብረት ይያዝ።

ቤት ውስጥ መጀመሪያ የምታስቡት ሮቶው ይሁን። 2,000 ሊትር ሙሉ ሮቶ 2 ቶን ነው፤ በተደረደረ ብሎኬት ላይ ጣሪያ ጫፍ የተቀመጠ ከሆነ ከሕንፃው ቀድሞ የሚወርደው እሱ ነው። መቆሚያው ከሶሌታው ጋር በቦልት ይታሰር። ቡፌና ቁም ሣጥን ከላይ ጫፋቸው በኤል ቅርጽ ብረት ግድግዳው ላይ ይያዙ፤ ባዶው ብሎኬት ቡሎን ስለማይዝ ኮለን ወይም ቢም ፈልጉ። ፎቅ ላይ ሳላችሁ ሲናወጥ ደረጃ አትሩጡ፣ ሊፍት አትግቡ፣ በረንዳ አትውጡ፤ ደረጃው ከሁለት ወለል ጋር ስለታሰረ ሁለቱ ሲለያዩ ቀድሞ የሚሰበረው እሱ ነው። ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ሆናችሁ እግሩን ያዙ። ሲቆም ሲሊንደሩን ዝጉ፣ የምጣዱን ሶኬት ንቀሉ፣ ከዚያ በደረጃ ውረዱ። ምድር ቤት፣ በሩ አጠገብ ካላችሁና ደጁ ገላጣ ከሆነ ግን መውጣት ነው።

ትልቁ መቼ እንደሚመጣ በቀንና በሰዓት የሚነግራችሁን የቴሌግራም መልእክት አታስተላልፉ። ሐምሌ 13 ካምቻትካ ላይ 7.4 ሲመታ የ8.8ቱ ቀዳሚ መሆኑ የታወቀው 8.8ቱ ከመጣ በኋላ ነው።

ከመናወጥ በኋላ ስንጥቅ ስታዩ ቦታውን ለዩ። ብሎኬቱ ከኮለኑ ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ያለች ቀጭን ስንጥቅ የልስን ጉዳይ ናት። ግድግዳው ላይ እንደ መስቀል የተጠላለፈ፣ ከ3 ሚሊ ሜትር የሰፋ ስንጥቅ መሐንዲስ ያስጠራል። ኮለን ላይ በሰያፍ ወይም አግድሞ የተቀደደ ካለ፣ ወይም አርማታው ረግፎ ፌሮው ከታየ፣ ውጡና ማንም እስኪያየው አትመለሱ። ለሚያጠራጥሩት ጄሶ ለውሱና ስንጥቁን እንደ ድልድይ በሚያቋርጥ መልኩ አንድ እጅ የሚሞላ ለጥፉበት፤ ቀኑን በእርሳስ ጻፉበት። ጄሶ አይለጠጥም። ከሳምንት በኋላ መሐሉ ላይ ጸጉር የምታህል ስንጥቅ ካበጀ ግድግዳው አሁንም እየሄደ ነው።